እግረ እርጥብ

ውሸታም ሰው ብዙም አያናድደኝም። ውሸታም ቢያንስ ለፍቷል፤ አስቦ፣ ፈጥሮ፣ አስማምቶ ነው የሚመጣው። እኔን የሚያቃጥለኝ ሳይዋሽም እውነት የማይናገር ሰው ነው። የኛ ሕንፃ ደግሞ በዚህ ዓይነት ሰው አይታማም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ጡረታ ስወጣ እግሬን ዘርግቼ አርፋለሁ ብዬ ነበር፤ ምን አርፋለሁ! የነዋሪዎች ማኅበር ሲቋቋም "እትዬ ጸሐፊ አልነበሩ እንዴ?" አሉና ቃለ ጉባኤ ያዥ አደረጉኝ። አምስት ፎቅ፣ አሥራ አራት አባወራ፣ አንድ ሊፍት፣ አንድ ዘበኛ ነው ያለን። በየወሩ አንድ እሑድ ጠዋት ምድር ቤት ባለችው አዳራሽ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተኮልኩለው እነሱ ይጮኻሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። በደንባችን ጸሐፊ ትጽፋለች እንጂ አትናገርም። ውሳኔ የሚጸናውም ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባ ተነቦ ሁሉም ሲፈርምበት ነው።

ተነቦ ማለቴ ለወጉ ነው። ሰብሳቢያችን አፉን የሚከፍተው "እንደሚታወቀው" ብሎ ስለሆነ ስሙንም ከኋላው እንደሚታወቀው እንለዋለን። "እንደሚታወቀው ይህ ሕንፃ ሥርዓት አጥቷል" ይላል። ማን እንዳወቀው ግን አይታወቅም። እኔ ደብተሬን ገልጬ ጉሮሮዬን ስጠርግ እጁን ያነሳና "እንደተነበበ ይቆጠር" ይላል። "ይቆጠር!" ይላሉ ሁሉም፤ ደብተሩ ይዞራል፤ ይፈርማሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳን አንብቤ አላውቅም። የሽንኩርት አከታተፍ ጽፌ ባቀርብላቸው ያንኑ ፈርመው ይበተኑ ነበር።

ደብተሩ የልጄ ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክ የሚባል ትምህርት ወስዳ፣ የደብተሯን ግራ ግራ ገጽ ብቻ ጽፋ ቀኝ ቀኙን ባዶ ትታዋለች። ንጹሕ ወረቀት መጣል ደግሞ እኔ አልችልበትም። እሷ ተመርቃ፣ ሥራ ይዛ፣ ሌላ ከተማ ስትገባ ደብተሩን አነሳሁትና በስተቀኝ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩበት። ግራውን አንብቤው አላውቅም። ሎጂክ ምኔ ነው?

ነገሩ የጀመረው ውሃው ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አልወጣም ሲል ነው። ዝናብ በነበረ ጊዜ ውሃው በራሱ ግፊት እስከ ላይ ይወጣ ነበር። በጋው ሲገባ ግፊቱ ወረደ፤ ፓምፑን እናስነሳ ብለው ቢወርዱ ፓምፕ የለም። ቦታው ላይ አራት ብሎን ብቻ ተገትሮ ቀርቷል።

"እንደሚታወቀው ፓምፓችን ተሰርቋል" አለ ሰብሳቢው በስብሰባው ቀን። ጻፍኩ። "እንደሚታወቀው አዲሱ ዘበኛ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ፓምፕ ጠፍቶብን ያውቃል?"

"አያውቅም!" አለ አዳራሹ።

አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ፋርማሲስት ተነሳች። ጸጉሯን በባልዲ ውሃ ታጥባ የመጣች ስለሆነች ፊቷ ተኮሳትሯል። "እኔ ማንንም ሌባ አልልም። ግን ወይ ሰርቋል፣ ወይ ሲሰረቅ ተኝቷል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በሁለቱም ቢሆን መሄድ አለበት።" አጨበጨቡላት። እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ "ጎበዝ!" ብያታለሁ።

ከአምስተኛ ፎቅ ደግሞ የመኪና መለዋወጫ ሻጩ አለ። "ዛሬ ፓምፑን፣ ነገ በራችንን፣ ከነገ ወዲያ እኛን ራሳችንን ተሸክሞ ይሄዳል!" ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። እሱን የሚሸከም ሰው ገና አልተወለደም፤ ቢሆንም ጻፍኩት።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ፈራ ተባ እያለ "ሲሰርቅ ያየው ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀ።

"እሺ፣ ሳይሰርቅ ያየውስ ሰው አለ?" አለ ሰብሳቢው። ሰውዬው ተቀመጠ።

"ጫማውን አይታችሁታል?" አለ መለዋወጫ ሻጩ። "ዘበኛ ከየት አምጥቶ ነው እንዲህ ያለ የቆዳ ጫማ የሚያደርገው?"

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ጫማው የባለቤቴ ነው። ነፍሱን ይማረውና ሁለት ጊዜ እንኳን ሳያደርገው ነው የሞተው፤ ለዘበኛው የሰጠሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብተነፍስ የሚያልቅ ነገር ነበር። ግን ጸሐፊ አትናገርም፣ ዝም አይነቅዝም ብዬ "ስለ ጫማው ጥያቄ ተነስቷል" ጻፍኩና ወደ ሌላ መስመር ዞርኩ።

ዘበኛው ጭራሽ አልተጠራም። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በዚህ ዕድሜው ማንም ዘበኛ ብሎ አይቀጥረውም። በሩ ጥግ ያለችው አንዲት ክፍል ደግሞ የሥራው ናት። ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች። እሱና ሚስቱ ፍራሻቸውን ተሸክመው የት እንደሚገቡ ያነሳ ሰው የለም። በአንድ ድምፅ እንዲሰናበት ወሰኑ። የቀረው የሚቀጥለው ወር ፊርማ ብቻ ነው።

የስንብቱን ደብዳቤ አዘጋጂ የተባልኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የተቀጠረበትን ቀን ለማግኘት ደብተሩን ወደ ኋላ ሳገላብጥ ዓይኔ ግራው ገጽ ላይ አረፈ።

"ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ማስመሰል" ይላል በልጄ ጽሕፈት። ከሥሩ "ምሳሌ፦ እማዬ። ‘ወይ ሳህኑን ትጨርሻለሽ፣ ወይ እናትሽን አትወጂም።’"

ክው አልኩ። ሌላ ገጽ ገለጥኩ። "ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መምታት። ምሳሌ፦ እማዬ። ‘አልጋሽን ሳታነጥፊ ስለ ዓለም ሰላም ታወሪያለሽ!’" ገለጥኩ፤ ምሳሌ፦ እማዬ። ገለጥኩ፤ ምሳሌ፦ እማዬና አክስቴ በኅብረት። ወይ ጉድ! ወልጄ፣ አሳድጌ፣ አስተምሬ፣ የስህተት ማሳያ ሆኜ አረፍኩት!

ስልኬን አንስቼ ደወልኩላት። "ይሄ ደብተር ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"እማዬ! ያ ደብተር አልተጣለም እንዴ?"

"አልተጣለም! ምን አጠፋሁሽ? አባትሽስ? አባትሽ አንድም ስህተት አልነበረውም?"

"አባዬ መቼ ተናግሮ እማዬ! አንቺ መች ዕድል ሰጠሽው?" አለችና ሳቀች። ሳልወድ እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቁጣዬ አልበረደም፤ ሌላ ምን ጽፈሽብኛል ብዬ እስከ መጨረሻው ሄድኩ። የዛሬውን ስብሰባ የጻፍኩበት ገጽ ላይ ስደርስ፣ በስተግራ እንዲህ ይላል፦ "ከእሱ በኋላ መጣ፣ ስለዚህ በእሱ መጣ ማለት። ምሳሌ፦ እማዬ። ‘ያቺ ጓደኛሽ እግረ ደረቅ ናት። እዚህ ቤት መምጣት ከጀመረች ወዲህ ብርጭቆ አልበረክትልን አለ።’"

ልጅቷ ትዝ አለችኝ። ቀጭን፣ አንገቷን የምትደፋ ልጅ ነበረች። ያን ሰምታ ነው መሰለኝ ሁለተኛ ቤታችን አልመጣችም። ብርጭቆው ግን ከዚያም በኋላ መሰበሩን አልተወም። ዓይኔን ወደ ቀኙ ገጽ መለስኩ። የራሴ ጽሕፈት ነው፦ "አዲሱ ዘበኛ ከመምጣቱ በፊት ፓምፕ ጠፍቶ አያውቅም።"

ዘበኛው የተቀጠረበት ገጽ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ከእሱ አንድ ገጽ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ እኔው ራሴ በማያሻማ ጽሕፈት እንዲህ ብያለሁ፦ "ፓምፑ እያጓራ ነዋሪን ስላስቸገረ ተነቅሎ ወደ ጥገና እንዲላክ ተወስኗል። አስፈጻሚ፦ ሰብሳቢው። የመጫኛ መኪና፦ የመለዋወጫ ሻጩ።" ከሥሩ አሥራ አራት ፊርማ። የተፈረመበትን ቀን ቆጠርኩ፤ ዘበኛው ከመቀጠሩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይቀድማል።

ግንባሬን በመዳፌ መታሁት። እነሱስ አላነበቡትም፤ እኔ ግን ጽፌዋለሁ እኮ! የጻፍኩት እኔ፣ የረሳሁት እኔ። ዝናቡ መጣ፣ ውሃው በራሱ ወጣ፣ ፓምፕ የሚባል ነገር ከሁላችንም ጭንቅላት ተጠርጎ ጠፋ።

በማግስቱ ፓምፑ የተላከበት ሞተር ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። ፓምፑ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል፤ አንገቱ ላይ "የባለ አምስት ፎቁ" የሚል ካርቶን ታስሮበታል። "ምነው ጠፋችሁ እትዬ?" አለኝ ሰውዬው። "ከሠራሁት ሦስት ወር አለፈው። እኔማ ሕንፃው ፈርሶ ነው ብዬ ነበር።"

የሚቀጥለው ስብሰባ ደረሰ። ፓምፑን በጋሪ አስመጥቼ አዳራሹ መሀል አስቀመጥኩት። ሰዎች እየገቡ ያዩታል፤ ዞረውት ይቀመጣሉ። ደብተሬን ገለጥኩ።

"እንደተነበበ ይቆጠር" አለ ሰብሳቢው።

"አይቆጠርም" አልኩ። "ዛሬ ይነበባል።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሦስት ዓመት ድምፄን ሰምተው ስለማያውቁ አንዳንዶቹ ዲዳ እመስላቸው ነበር መሰለኝ። ያለፈውን ስብሰባ ቃል በቃል አነበብኩላቸው። የመለዋወጫ ሻጩን ሳነብ ፋርማሲስቷ በሳቅ ፈረሰች። የፋርማሲስቷን ሳነብ መለዋወጫ ሻጩ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። የየራሳቸው ሲደርስ ግን ሁለቱም በቁም ነገር ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀጥዬ የቆየውን ውሳኔ ከነፊርማው አነበብኩ፤ ቀኑን ነገርኳቸው፤ ጫማውንም የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ አሁን ያፍራሉ ብዬ ጠበቅኩ።

ምን ያፍራሉ! "ፓምፑ መገኘቱ እኮ አለመሰረቁን አያሳይም" አለች ፋርማሲስቷ።

"ከመቀጠሩ በፊት ነው የሄደው?" አለ መለዋወጫ ሻጩ። "እንዴ! ገና ሳይቀጠር ዓይኑን ጥሎበት ነበር ማለት ነው!"

"በመኪናህ የጫንከው አንተ አይደለህም?" አልኩት።

"ለዘበኛ ጫማ የሚሰጡ ሰው ስለ ዘበኛ መመስከር አይችሉም" አለኝ። "እርስዎ እንደሚሉትማ በሩን ወለል አድርገን ሌባ ሁሉ ግባ እንበል!"

"መቼ እንዲህ አልኩ?"

"እንደሚታወቀው ውሳኔ ውሳኔ ነው" አለ ሰብሳቢው። "አሥራ አራት ሰው በአንድ ላይ ሊሳሳት አይችልም። ፈርሙና እንሂድ።"

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይሄን ነው። ደብተሩን ከእጄ ወሰዱት፤ ከወንበር ወንበር መዞር ጀመረ። በመስኮት አሻግሬ ሳይ ዘበኛው ግቢውን እየጠረገ ነው፤ ሬዲዮኑን መጥረጊያው ላይ አስሮ ኳስ ያዳምጣል። ሚስቱ በሩ ላይ ሆና የሆነ ነገር ስትለው በሁለት ጣቱ ሰላምታ ሰጣት፤ ለሚገባ መኪና ሁሉ እንደሚያደርገው። ያን ጊዜ ነው ምላሴ ያመለጠኝ።

"እሺ ፈርሙ" አልኩ። "አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ይሄ ሰው ከመጣ ወዲህ ሊፍቱ ቆሞ ያውቃል?"

ደብተሩ ባለበት ቆመ። ባለፈው ዓመት ፋርማሲስቷ ሊፍቱ ውስጥ ሠላሳ እንቁላል ይዛ ሁለት ሰዓት ተቀምጣለች። የመለዋወጫ ሻጩ አማትም አንድ ቀን እዚያው ታግተው ሲወጡ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም ብለው ምለው ሄደዋል፤ እሱ እንኳን ሊፍቱን ሲያመሰግን ነበር።

"እውነትም..." አለች ፋርማሲስቷ። "አንድም ቀን አልቆመም።"

"እግሩ እርጥብ ነው እንዴ?" አለ አንዱ።

"እርጥብ ነው!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እምላለሁ፣ በየትኛው ግራ ገጽ ላይ እንደቆምኩ አውቀዋለሁ። ምሳሌ፦ እማዬ። ግን ማስረጃ ሳቀርብ ያላመነኝ አዳራሽ በአንድ አፍ እየተጯጯኸ ዘበኛው እንዲቆይ ወሰነ፤ ፓምፑንም የሰረቀው እንደሌለ ያን ጊዜ ታያቸው። አዲሱንም ውሳኔ እኔ ያልኩትን ጨምሬ እዚያው ሊፈረምበት በነበረው ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፍኩት፤ ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው መዓት ነው። ፋርማሲስቷ ጠዋት ጠዋት ወደ ሊፍቱ ስትሄድ ዘበኛውን ትጠራና "እስቲ በእግርህ ግባልኝ" ትለዋለች። እሱም ትእዛዝ ነውና "ግራውን ነው ቀኙን?" ይላታል። መለዋወጫ ሻጩ ሱቁ ድረስ ወስዶት ዕቃ ላይ ሁሉ አስረግጦታል። አንድ ቀን ዘበኛው ቤቴ መጣ።

"እትዬ፣ ምን ብለዋቸው ነው? ሰው ሁሉ እኔን ትቶ ሰላም የሚለው እግሬን ነው።"

"ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ" አልኩት። "ደግ ነገር ነው ያልኳቸው።"

ለልጄም በኩራት ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። "እማዬ፣ እና ሊፍቱ የቆመ ዕለትስ?"

"አፍሽን ዝጊ! ሟርተኛ!" አልኳትና ዘጋሁባት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በስድስተኛው ሳምንት ሊፍቱ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ መሀል ቀጥ አለ። ውስጡ ያለው ሰብሳቢው ነው፤ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወደ ሠርግ እየወረደ ነበር። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆየ። ደረጃው ላይ ተሰብስበን ስንሰማው በበሩ ስንጥቅ "እንደሚታወቀው እዚህ ሰው አለ!" እያለ ይጮኻል። የሊፍት ሠራተኛው መጥቶ አወጣው፤ የበሩ ሽቦ ተበልቷል፣ ሊፍቱ ከተመረመረ ሁለት ዓመት አልፎታል ብሎ ነግሮን ሄደ። ሰብሳቢው ያን አልሰማም፤ የሚያየው በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ ጫማ ነበር።

በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። "እንደሚታወቀው እግሩ ደርቋል" አለ ሰብሳቢው። "ጸሐፊ፣ ያን ቀን ስለ ሊፍቱ የተናገሩትን ያንብቡልን።"

ያን ቀን ይነበባል ያልኩት ሴት፣ አሁን አንብቢ ተባልኩ። የራሴን ቃል በራሴ ጽሕፈት አነበብኩት። ከዚያ ብድግ አልኩ።

"የተናገርኩት ስህተት ነው" አልኩ። "አውቄ ነው የተናገርኩት። ሰውዬው ከሊፍቱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ሊፍቱ እሱ ስለመጣ አልሠራም፣ በእሱም አልቆመም። ሊፍቱ አልተመረመረም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሂዱና እዩት።"

"ያኔ ከዋሹ፣ አሁን እውነት መናገርዎን በምን እናውቃለን?" አለች ፋርማሲስቷ።

"እንግዲያው የፓምፑም ነገር ውሸት ነበር ማለት ነው!" አለ መለዋወጫ ሻጩ። ፓምፑ ከጀርባው ካለው ግድግዳ ማዶ እየሠራ ነው፤ ጠዋት በዚያው ውሃ ታጥቦ ነው የመጣው።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በአንድ ድምፅ፣ ወሩ ሲያልቅ እንዲሰናበት ወሰኑ። በሚቀጥለው እሑድ ይፈረማል ተባለ።

ስወጣ ዘበኛው በሩ ላይ ጠበቀኝ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉንም ሰምቷል። ሚስቱ ውስጥ ገመድ ትፈልጋለች፤ ፍራሹን ለማሰር መሆኑ ነው። ሬዲዮኑ ተዘግቷል።

"እትዬ" አለኝ፣ "ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ የተባለ ሰው ዕቃው ሲገኝ ይነጻል። እግረ ደረቅ የተባለ ሰው ምን ተገኝቶ ይነጻል?"

ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ አለቀስኩ። ስለ እሱ አለቀስኩ፣ ስለዚያች ቀጭን ልጅም አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ፊቴን ታጥቤ ደብተሩን አወጣሁ።

አራት ገጽ ጻፍኩ። ፓምፑ ከተላከበት ቀን ጀምሬ፣ ማን ምን እንዳለና ከተባለው ነገር የትኛው ከየትኛው እንደማይከተል፣ የኔን ጥፋት ጭምር፣ ምንም ሳላስቀር ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ ትንሽ አመነታ። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ "ዘበኛውን ስለማሰናበት ውይይት ተደርጓል። ለማሰናበት የቀረበ አንድም ምክንያት ባለመገኘቱ በሥራውና በክፍሉ እንዲቀጥል፤ ሊፍቱም በአስቸኳይ እንዲመረመር። አስፈጻሚ፦ ሰብሳቢው።" አንድም ምክንያት አልቀረበም፤ ይሄ ውሸት አይደለም። እንዲቀጥል ማለት ግን የእነሱ ውሳኔ አይደለም፣ የኔ ነው። ልጄ ብታየው ለዚህም አንድ ገጽ አታጣለትም። ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ፤ አንብቢ ካሉኝ አነብባለሁ፣ የሚመጣውንም እቀበላለሁ።

እሑድ ደረሰ። ደብተሩን ገለጥኩ። "አራት ገጽ ነው" አልኩ። "ላንብብላችሁ?"

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ፋርማሲስቷ አዛጋች።

"እንደተነበበ ይቆጠር።"

"ይቆጠር!"

አሥራ አራቱም ፈረሙ። መለዋወጫ ሻጩ እንዲያውም ብዕሩ አልጽፍ ብሎት ሁለት ጊዜ ነው የፈረመው።

ወሩ አለቀ። ዘበኛው በሩ ላይ አለ። ሰብሳቢው እየተንደረደረ መጥቶ በሬን ደበደበ። "ይሄ ሰው ለምንድን ነው ያልሄደው?" ደብተሩን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበ፤ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ እስከ አራተኛው ገጽ ሄደ፤ የራሱን ፊርማ አየው፤ በጣቱ ነካው።

"ይሄ ልክ አይደለም" አለ።

"የትኛው መስመር?"

ፈለገ። ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። "እኛ አላልንም..."

"ውሳኔ ውሳኔ ነው" አልኩት። "አሥራ አራት ሰው ደግሞ በአንድ ላይ ሊሳሳት አይችልም። ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"እንደሚታወቀው..." አለና ቆመ። የሚታወቅ ነገር አልመጣለትም። ደብተሩን መልሶልኝ ሄደ። በሳምንቱ የሊፍት ሠራተኛው መጥቶ ሽቦውን ቀየረ። ሰዎቹ ግን አሁንም ዘበኛው በሩ ላይ እያለ ሊፍት አይሳፈሩም፤ ፋርማሲስቷ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ እያለከለከች ነው የምትወጣው። ትውጣ።

ሰብሳቢው በሬን የደበደበ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ጠራኝ። ሚስቱ ፍራሹን ፈትታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ወንበሩን ለኔ ለቆ እሱ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ ምን ቢሏቸው ነው የተውኝ? አሁን ደግሞ እግሬን ምን አሉት?"

"ስለ እግርህ አንድም ቃል የለም" አልኩትና ደብተሩን ገልጬ አራቱንም ገጽ አነበብኩለት። ሬዲዮኑን ዘግቶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ስይዝ የጻፍኩትን ቁጭ ብሎ የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

"ይሄማ ልክ ነው" አለ። "ሕፃን እንኳን ይገባዋል። እንዲህ አድርገው ቢያነቡላቸው ማን እንቢ ይል ነበር? ለምን አላነበቡላቸውም?"

"ላንብብላችሁ ብያቸው ነበር።"

"ታዲያ ምን አሉ?"

"እንደተነበበ ይቆጠር አሉ።"